«አግ ላብ»፦ የአማቴን ዘር ስቆጥር

ነገሩ የተጀመረው እሁድ ምሳ ላይ ነው። አማቴ እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ በሚባል አውራጃ ውስጥ ገበሬ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ገብስና ሹገር ቢት (ስኳር የሚወጣበት ሥር) ነው የሚያመርቱት፣ አሁን ሥራውን በአብዛኛው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው የያዘው ግን እሳቸው በጠዋት ወጥተው ማሳውን ዞረው ካላዩ ቁርስ አይወርድላቸውም። እዚህ አገር ምራት አማቷን በስሙ ነው የምትጠራው፣ አንቱ የለ ምን የለ፣ እኔ ግን አባቴን የሚያህል ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ምላሴ እምቢ ስላለኝ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ «እ… ይቅርታ» እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሳወራ «ጋሼ» ስላቸው ሰሙና ምን ማለት ነው አሉ፣ ነገርኳቸው፣ ወደዱት። አሁን የልደት ካርድ ሲሰጡኝ ራሳቸው ጋሼ ብለው ነው የሚፈርሙት።

ያን እሁድ ታድያ ወሬው የኔ «ሰርኔም» ላይ መጣ። የአባቴ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ ለሃያኛ ጊዜ ሳስረዳ «እንግዲያው ስሙ በየትውልዱ ከተቀየረ ዘራችሁን በምን ታውቁታላችሁ?» አሉኝ። በጣት ነዋ! አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ እያልኩ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው፣ አንድ ትንፋሽ። ጎጃም ያደገ ልጅ ይሄን በቁንጥጫ ነው የሚማረው፣ አንዱ ምክንያት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፣ ሌላው ደግሞ በድሮው ጊዜ ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም ዘር ተቆጥሮ ስለነበር ነው፣ አያት ቅድመ አያቱን የማያውቅ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ምን ብሎ ሊሟገት ነው። ጋሼ ሹካቸውን አስቀምጠው ሰሙኝና ራሳቸውም ሞከሩት። አባታቸውን አሉ፣ አያታቸውን አሉ፣ አበቃ። ከዛ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «እኛማ ሁሌም እዚሁ ነበርን» አሉ።

ሁሌም። ይቺ ቃል ናት እንግዲህ ሁለት ክረምት የበላችብኝ። በወሊድ እረፍት ላይ ነበርኩ፣ ሕፃኑ ደረቴ ላይ ካልሆነ አይተኛም፣ በአንድ እጅ የሚሠራ ነገር ደግሞ ስልክ መጎርጎር ብቻ ነው፣ ስለዚህ «የርስዎን ሰባት ቤት እኔ እቆጥርልዎታለሁ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ለዘመናት የማይቀየር የቤተሰብ ስም አላቸው፣ ቤተክርስቲያናቸው ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር መጻፍ የጀመረው በ1538 ነው (የእንግሊዝ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ የሄንሪ ስምንተኛው ሹም ቶማስ ክሮምዌል ነው ያዘዘው፣ መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፣ አንዱን ቁልፍ ቄሱ ሌላውን የሰበካው ሰዎች ይያዙት ተብሎ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሳጥን በየደብሩ ቢኖር ኖሮ እያልኩ ትንሽ ቀናሁም።

ወደ ኋላ መሄድ የሚጀመረው ከቅርቡ ነው። እንግሊዝ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጥራል፣ ከ1841 ጀምሮ የሰው ስም ያለው ነው የተቀመጠው፣ እያንዳንዱ ቆጠራ ደግሞ መቶ ዓመት ካልሞላው አይከፈትም። የ1921ዱ በ2022 ነው የወጣው። የ1931ዱን ስፈልግ የለም፣ ተቃጥሏል፣ በ1942 ዲሴምበር ላይ፣ በጦርነቱ መሃል ስለሆነ የጀርመን ቦምብ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ ዝም ብሎ እሳት ነው የበላው። በ1941 ደግሞ ጦርነት ስለነበር ጭራሽ አልተቆጠረም። ስለዚህ ያ ዘመን ላይ ትልቅ ጉድጓድ አለ፣ ግን ለገበሬ ቤተሰብ ጉድጓዱን የሚሞላ ሌላ ጉድ አለ።

ከ1941 እስከ 1943 መንግሥት ከአምስት ኤከር (ሁለት ሄክታር ግድም) በላይ ያለውን እርሻ በሙሉ ሰው ልኮ አስመዘገበ፣ አገሩ በመርከብ የሚመጣ እህል ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ማን ምን ማምረት እንደሚችል ማወቅ ፈልገው ነው። ወረቀቱ ለንደን፣ ኪው የሚባል ሰፈር ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው፣ ሄደህ በነፃ በስልክህ ፎቶ ታነሳዋለህ። የጋሼን አባት ፎርም አገኘሁት። መብራት የለም። ውሃ ከጉድጓድ። ፈረስ አራት። ጥንቸል ያስቸግራል ወይ፣ አይጥ አለ ወይ፣ ሁሉም ተሞልቷል። ከዛ መጨረሻ ላይ ገበሬው ራሱ ማርክ ይሰጠዋል፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ፣ ኤ ካላገኘ ደግሞ ምክንያቱ መጻፍ አለበት፣ እርጅና ነው፣ የገንዘብ እጥረት ነው ወይስ የግል ጉድለት። የጋሼ አባት ቢ ነው ያገኙት። ምክንያት፦ የግል ጉድለት።

ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አወለቁ። ሰውየው ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል እኮ፣ ግን ልክ ዛሬ በር ላይ የተሰደቡ ይመስል ፊታቸው ቀላ። «ማነው የጻፈው?» አሉ። እኔ መንግሥት ነው ብዬ ላልፈው ነበር፣ እሳቸው ግን ያውቃሉ፣ በየአውራጃው የጦርነት ጊዜ የእርሻ ኮሚቴ ነበር፣ ኮሚቴው ደግሞ የዛው አገር ገበሬዎች ናቸው። ማርኩን የሰጠው ጎረቤት ነው ማለት ነው። ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱና በስተምሥራቅ ያለውን ማሳ ዝም ብለው አዩት። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዛ ወደ ኋላ አያታቸው ናቸው፣ መሬቱን የገዙት እሳቸው ናቸው፣ በ1919። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ «ገዙ? ከማን?» አሉ፣ ይገርማችኋል፣ መሬቱ ከጥንትም የነሱ ይመስላቸው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቆቹ ባላባቶች የውርስ ግብሩ ከብዷቸው፣ አንዳንዶቹም ወራሽ ልጃቸው ጦር ሜዳ ቀርቶባቸው፣ ርስታቸውን እየቆራረጡ ለጭሰኞቻቸው ሸጠዋል። ገበሬው በእህል ዋጋ ጥሩነት ተበድሮ ገዛ፣ በ1921 መንግሥት ቃል የገባውን የእህል ዋጋ ዋስትና አነሳ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ። እንግዲህ ያ «የግል ጉድለት» የተባለው ሰውዬ አባቱ በውድ ጊዜ የገዛውን መሬት ዕዳ በርካሽ ጊዜ ሲከፍል የኖረ ሰው ነው። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ ቀለል አላቸው መሰለኝ፣ ሻይ ጠጡ።

ቅድመ አያታቸው ደግሞ መጀመሪያ በዛ እርሻ ላይ ጭሰኛ የሆኑት ናቸው፣ በ1880ዎቹ። ጊዜው ለገበሬ ክፉ ነበር፣ የ1879 በጋ በዝናብ በሰበሰ፣ የአሜሪካ ስንዴ በባቡርና በመርከብ እየመጣ ዋጋውን ሰበረው፣ ብዙ ገበሬ ጥሎ ሄደ፣ ባለ መሬቱም ባዶ እርሻ ይዞ ከመቅረት ኪራይ ቀንሶ ድሮ ዞር ብሎ ለማያየው ሰው ሰጠ። ለሌላው ጥፋት የሆነ ዘመን ነው ለነሱ በር የከፈተው።

ከዚያ ወደ 1841 ስወርድ ነው «አግ ላብ» የሚለው ነገር የመጣው። ከስማቸው ጎን፣ የሥራ ዓይነት በሚለው መስመር ላይ፣ በእርሳስ። አግ ላብ። ላይ ታች ብዬ ሳይ መንደሩ ሁሉ አግ ላብ ነው፣ ገጹን ገለበጥኩ፣ አግ ላብ፣ አግ ላብ፣ አንድ አንጥረኛ፣ አግ ላብ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሕፃኑ ተኝቷል፣ ጭንቅላቴ ደግሞ በአማርኛ ነው የሚያነበው፣ ላብ። የምን ላብ? ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ለካ ቆጣሪው ስለታከተው «አግሪካልቸራል ሌበረር» የሚለውን አሳጥሮት ነው፣ የእርሻ ቀን ሠራተኛ ለማለት። ግን እኔ እስከ ዛሬ እንደ ላብ ነው የማነበው፣ ስህተትም አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። የ1841 ቆጠራ ከአሥራ አምስት በላይ የሆነን ሰው ዕድሜ ወደ ታች አምስት አምስት እያደረገ ነው የሚጽፈው፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው ሰው ሠላሳ ተብሎ ይገባል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሠላሳ ያልኩትን ቀንሼ በ1811 ክርስትና የተነሳ ልጅ ፈለግኩ፣ አገኘሁ! ስሙ ልክ፣ አጥቢያው ልክ፣ ኦንላይን ላይ አንድ ሰው የሠራው የዘር ሐረግም እሱን ነው የሚለው፣ ኮፒ አድርጌ ተከተልኩት፣ ሁለት ወር ሙሉ የሰው አያት ስቆጥር ከረምኩ። የነቃሁት የቀብር መዝገቡን ሳይ ነው፣ ያ ልጅ በስምንት ወሩ ሞቷል። የሞተ ልጅ እንዴት አግ ላብ ይሆናል። እዚህ አገር ስም ችግር ነው፣ የቤተሰብ ስሙ ስለማይቀየር የራስ ስም ደግሞ ጆን፣ ዊልያም፣ ቶማስ፣ ጄምስ፣ አለቀ፣ ልጅ ሲሞትባቸው ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም ይሰጡታል፣ የወንድማማቾች ልጆችም እንደዛው፣ አንድ መንደር ውስጥ ስሙ እስከ ቤተሰብ ስሙ አንድ የሆነ አራት ሰው ታገኛለህ። እኛ ዘንድ ይሄ መደናገር እምብዛም የለም፣ የአባቱን ስም ስትሰማ ትለየዋለህ።

ያዳነኝ የ1851ዱ ቆጠራ ነው። እሱ የተወለድክበትን አጥቢያ ስም ይጠይቃል፣ የ1841ዱ በዚህ አውራጃ ነው ወይስ አይደለም ብቻ ነበር። ሰውየው መልሱን ሲሰጥ የተወለደው ሌላ መንደር ነው፣ ከዚህ አሥራ ሁለት ማይል ርቆ። ሁሌም እዚሁ አልነበሩም ማለት ነው። ለጋሼ ወዲያው አልነገርኳቸውም።

መጀመሪያ የአስራቱን ካርታ ነው ያሳየኋቸው። አስራት እነሱም ነበራቸው፣ ገበሬው ካመረተው ከአሥር አንዱን ለቤተክርስቲያን፣ በ1836 በወጣ ሕግ ወደ ገንዘብ ተቀየረና ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ለማወቅ በየአጥቢያው ካርታ ተነሳ፣ እያንዳንዷ ማሳ ቁጥር ተሰጣት፣ ባለቤቷ ማን፣ የያዛት ማን፣ ስሟ ማን፣ የሚታረስ ነው ወይስ ግጦሽ፣ ስፋቷ በኤከር፣ በሩድ፣ በፐርች። የኖርፎክ ካርታዎች ኦንላይን አሉ። (ኤከር ማለት በጥንቱ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፣ ጥማድ ማለት ነው በቃ፣ የነሱ በሬ ይበረታል መሰለኝ የኛ ጥማድ ያንሳል።) ጋሼ ጎን ተቀምጠው ገና ካርታው ሲከፈት ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ስም መጥራት ጀመሩ። ይቺ ቸርች ክሎዝ ናት። ይቺ ሃንድረድ ኤከርስ፣ አንድ ኤከር እንኳን የማትሞላ ቁራሽ ናት፣ መቶ ኤከር የተባለችው ለቀልድ ነው። ይቺ ፓይትል። ፓይትል በኖርፎኮች አነጋገር አጥር ያላት ትንሽ ማሳ ማለት ነው። እኔ ከዝርዝሩ ላይ ቁጥሩን እያየሁ አስተያየዋለሁ፣ ልክ ናቸው፣ አንድ አልሳቱም፣ ካርታው መቶ ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በፊት አይተውት አያውቁም። ቅድመ አያቱን ስም የማያውቅ ሰው የማሳውን ሁሉ ስም ከአባቱ ሰምቶ ይዞታል።

ከዛ «የኛ ሰዎች የታሉ?» አሉ። የያዘው ማን በሚለው ረድፍ ወረድኩ። ፓይትል የሌላ ሰው ናት፣ ቸርች ክሎዝም፣ ሁሉም። የሳቸው ሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አለ፦ ጎጆና ጓሮ፣ ሠላሳ ፐርች። ሰባት መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር ግድም ነው፣ እሱም የባላባቱ ነው፣ በኪራይ። ማሳዎቹን ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ሲያጭድ የኖረው ግን እሱ መሆኑ አያጠራጥርም፣ የተወቃውንም ጭኖ ለሌላ ሰው ጎተራ ያገባው። ጋሼ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ ሳያነሱ ቆዩ። «አንድ ሰው ስሟን ነግሮታላ» አሉ በመጨረሻ፣ ስለ ፓይትል ነው።

ያችን አሥራ ሁለት ማይል የፈታልኝ ኖሪች ያለው የአውራጃው መዝገብ ቤት ነው። የድሮው ሕግ እንዲህ ነበር፣ ከ1662 ጀምሮ፦ ድሃ ሰው ቢቸገር የሚረዳው ሕጋዊ መኖሪያው የሆነው አጥቢያ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ከተገኘና ሸክም ሊሆን ነው ከተባለ ሁለት ዳኞች ፈርመው ወደ አጥቢያው ይመልሱታል። ይሄ ሕጋዊ መኖሪያ ምን ይባላል መሰላችሁ? ሴትልመንት። ቃሉን ወረቀቱ ላይ ሳየው ሆዴ ነው የዘለለው፣ እኔ እዚህ አገር ቋሚ ፈቃድ ለማግኘት የሞላሁት ፎርም ስሙ ሴትልመንት ነው፣ ያው ቃል። ስንት ዓመት ነው የደሞዝ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት እየሰበሰብኩ የኖርኩት።

ወረቀቱ የ1811 ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሦስት ልጆች፣ ትንሹ አራት ዓመቱ ነው፣ የኔ አግ ላብ እሱ ነው። ዳኞቹ ፊት ቀርባ ምላ የተናገረችው ተጽፏል፣ መፈረም ስለማትችል መጨረሻው ላይ ኤክስ አድርጋለች፣ ኤክሷ አንደኛው እግሯ ረዝሞ ቀለሙ ተንጠባጥቧል፣ እጇ ተንቀጥቅጦ ይሁን ብዕሩ መጥፎ ሆኖ አላውቅም። የምትለው፦ ባሌ ገና ሳያገባ፣ ልጅም ሳይኖረው፣ በዚህ፣ አሁን ጋሼ ባሉበት አጥቢያ ለአንድ ገበሬ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ለአንድ ዓመት ተቀጥሮ ዓመቱን ሞልቶ አገልግሏል፣ ከዛ ወዲህ ሌላ ሴትልመንት አላገኘም። የነሱ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ነው፣ የገበሬ ቅጥርና ኪራይ በሱ ነው የሚሄደው። ሚስት ደግሞ ሴትልመንቷ የባሏ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ባሏ በሃያ ዓመቱ አንድ ዓመት ወደ ሠራበት፣ እሷ ኖራበት ወደማታውቀው መንደር፣ ከሦስት ልጆቿ ጋር ተላከች።

አሁን ነገሩን እዩት። ሙሉ ዓመት የሠራ ቅጥረኛ ሴትልመንት ስለሚያገኝ፣ ገበሬዎቹ ደግሞ ነገ የዚህን ሰው ቤተሰብ እንዳይጦሩ ሲሉ ብዙ ጊዜ ለሃምሳ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የሚቀጥሩት፣ አንዷን ሳምንት ቆርጠው። ያ ገበሬ ግን አልቆረጣትም። ረስቶ ይሁን ጥሩ ሰው ሆኖ ማን ያውቃል። በዛች አንድ ሳምንት ነው እንግዲህ የጋሼ ቤተሰብ የዚህ መንደር ሰው የሆነው፣ በዛች ሳምንት ነው ባለቤቴ እዚህ የተወለደው፣ እኔም አሁን ይሄን የምጽፈው በዛው ቤት ኩሽና ቁጭ ብዬ ነው።

ለጋሼ ስነግራቸው ስለ ሃምሳ አንዱ ሳምንት ሳቁ፣ ስለ ሴትዮዋ ሲሰሙ ግን ዝም አሉ። ከዛ «በምን ነው የመጣችው?» አሉ። አልተጻፈም አልኳቸው፣ ኦርደሩ አለ፣ መንገዱ የለም። «በየትኛው ወር?» ፌብሩዋሪ። ገበሬ ነው እንግዲህ የጠየቀው፣ በፌብሩዋሪ ያ መንገድ ምን ዓይነት ጭቃ እንደሆነ ከኔ በላይ እሳቸው ያውቃሉ።

ቀሪዎቹ ሁለት ቤት ከመዝገቡ ሳጥን ነው የወጡት፣ የሴትዮዋ ባል አባትና አያት፣ ከሌላው መንደር። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ቄሱ ዓመቱን 1720/21 ብሎ ጽፎታል፣ ሁለት ዓመት በአንዴ። ፈረንጅ ይሄን ሲያይ ይደናገራል፣ እኔ ግን ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። እስከ 1752 ድረስ እንግሊዞችም በጁልያኑ ዘመን ነበር የሚቆጥሩት፣ ዓመታቸው የሚለወጠውም በማርች 25፣ በብስራት ቀን ነው፣ የኛው መጋቢት 29 ማለት ነው፣ ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ የተጠመቀ ልጅ ለነሱ ገና በ1720 ነው፣ ለሌላው አውሮፓ 1721 ገብቷል። በ1752 አሥራ አንድ ቀን ዘለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተስተካከሉ፣ የግብር ዓመታቸው ግን እስከ ዛሬ ኤፕሪል 6 የሚጀምረው ከዛ በተረፈ ሂሳብ ነው። ሁለት ካላንደር ይዞ መኖር ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እንደ ቃሌ ሰባቱን ጽፌ ሰጠኋቸው። ፍሪጁ ላይ ለጠፉት፣ ሸመደዱት፣ ባለፈው ፋሲካ ምሳ ላይ የልጅ ልጆቻቸው ፊት በጣት ቆጠሩት፣ አምስተኛው ላይ ጠፍቷቸው እኔን አዩኝ፣ ስሙን ሳይሆን «ፌብሩዋሪ» አልኳቸው፣ ቀጠሉ።

ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩና «ያንቺ አያት ማሳ ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

ሰባት ሰው እቆጥራለሁ፣ አንድ ማሳ አላውቅም። አዲስ አበባ ነው የጨረስኩት ልጅነቴን። እዛው ጠረጴዛው ላይ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለው አጎቴ ጋ ደወልኩ፣ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፣ በሦስተኛው ሲያነሳ በግ አለቀሰ ይባል እንደሆን አላውቅም ግን ከኋላው ይጮሃል። «ጋሼ፣ የአባባ እርሻ ስሙ ማን ነው የሚባለው?» አልኩት። አማቴ ጋሼ ስል ቀና አሉ፣ እሳቸውን የጠራሁ መስሏቸው።

«የቱ?» አለ አጎቴ፣ «ከመሬት ድልድሉ በፊት ነው በኋላ?»

«የትኛው ድልድል?»

«ኧረ በይ ልጄ! የ67ቱም አለ፣ የ89ኙም አለ። ወረቀት ያዢ።»

ጋሼ ኪሳቸውን ዳብሰው ያወጡትን የሹገር ቢት ደረሰኝ በጀርባው ገልብጠው ሰጡኝ። ዋልካው፣ አለ አጎቴ። ወይራው ሥር። ከወንዙ ማዶ ያለችዋ። ጠባቧ።

«ጠባቧ» ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አደረጉና «ፓይትል!» አሉ።